ባሕር የሌለው አድሚራል በኮልፌ

ከሆስፒታሉ የራጅ ክፍል ጡረታ በወጣሁ ቀን ባልደረቦቼ አንድ ጋቢና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝና «እስቲ ስለ ሥራ ዘመንዎ ይንገሩን» አሉኝ። ተነሥቼ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በጨለማ ክፍል ውስጥ የሰው አጥንት ፎቶ ሳጥብ እንደኖርኩ፣ የማን ጎድን የት ጋ እንደተሰበረ ከነፍስ አባቱ በፊት የማውቅ ሰው እንደነበርኩ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ አጨበጨቡ። አንዲት ነርስ «ከዚያ በፊትስ የት ነበሩ?» አለችኝ። «እዚህም እዚያም» ብዬ ተቀመጥኩ።

ዋሽቼ ነው። እዚህም እዚያም አልነበርኩም፤ ኮልፌ ነበርኩ። በጣሊያን ጊዜ የሲኒማ አስተርጓሚ ነበርኩ። ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ጦር ኃይሎች ፌርማታ ላይ ሲያገኙኝ ፊታቸውን ወደ ሱቆቹ ያዞራሉ። አልፈርድባቸውም። ይህን የምጽፈውም ይቅርታ ፍለጋ አይደለም። የሀንጋሪ ገዥ የነበረ አንድ ሰው፣ በአካል አይቼው የማላውቅ፣ አገሩንም በካርታ ላይ ዘግይቼ ያገኘሁት ሰው፣ እኔንና ሰፈሬን እንዴት እንዳቃጠለን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ስለምደነግጥ ነው።

ጣሊያን ሲገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የቃረምኳት ጣሊያንኛ ነበረችኝ፤ ጮክ ያለ ድምፅም ነበረኝ። ኮልፌ ያኔ ዳር አገር ናት። ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳ፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት ገደል፣ ከነአህያቸው የሚያልፉ እንጨት ሻጮች። ጣሊያኖቹ መንገዱ ዳር የነበረ አንድ የቆዳ መጋዘን ወስደው ለአገሬው ሰው የሲኒማ ማሳያ አደረጉት። ፊልሙ ደግነታቸውን፣ ኃይላቸውንና ወዳጆቻቸውን የሚያሳይ ዜና ነው። ከመሸ በኋላ አገሬው ሰው መንገድ ላይ እንዳይታይ ስለተከለከለ የሚታየው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጠራራ ፀሐይ ነበር። የቆርቆሮውን ቀዳዳ በጭድና በቡትቶ እንጠቀጥቃለን፤ በሩ ላይ ጥቁር ብርድ ልብስ እንሰቅላለን። የማሽኑ ኃላፊ ጋሽ ደምሴ «እግዜር ብርሃን ፈጠረ፣ እኛ ደግሞ እሑድ እሑድ ጨለማ እንፈጥራለን» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ደመወዙ ለሽሮና ለሳሙና ይበቃል።

ስለ ጋሽ ደምሴ ልናገር። አጭር፣ ቀጭን፣ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ሥራውን የለመዱት ከጣሊያን በፊት፣ ሕዝቡ ሲኒማ ቤትን የሰይጣን ቤት እያለ በሚያማትብበት ዘመን፣ ከአንድ አርመን ነው። ሌንስ የሚጠርጉት ከራሳቸው አሮጌ ነጠላ በተቀደደ፣ ታጥቦ ታጥቦ በላላ ጨርቅ ነው፤ ያንን ጨርቅ ሌላ ሰው ከነካው ይጥሉታል። ፊልም በጠርዙ እንጂ በፊቱ አይዙም። የተበጠሰ ፊልም ሲቀጥሉ ጫፉን በምላጭ ፍቀው፣ ሙጫውን በትንሿ ብሩሽ ቀብተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጫኑታል፤ እኔም ሳላውቀው አብሬ ትንፋሼን እውጥ ነበር። የዚያ ዘመን ፊልም እንደ ባሩድ ይነዳል። መብራቱ ፊት አፍታ እንኳ ከቆመ ይያያዛል። ስለዚህ አጠገባቸው ሁልጊዜ በውሃ የራሰ ጆንያ አለ፤ ማሽኑ አንዴ ከተነሣ ደግሞ የፊልሙ ጥቅል እስኪያልቅ ቢሞቱም አይለቁትም።

ከሮማ ከጥቅሉ ጋር ፊልሙን የሚያብራራ አንድ የጣሊያንኛ ወረቀት ይመጣል። የኔ ሥራ ከሸራው ጎን ሣጥን ላይ ቆሜ ያንን በአማርኛ መጮህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሳይኖር እንለማመዳለን። ጋሽ ደምሴ ጥቅሉን አንዴ ካዩት በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

«በል ንገረኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ካላየሁት አልተረጎምክም።»

እነግራቸዋለሁ። ሲጎረብጣቸው እጃቸውን ያነሣሉ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ወረቀቱ ላይ ያለ ነው ጋሼ።»

«ገብታሃለች?»

«ብዙም አልገባችኝም።»

«እንግዲያው ዝለላት። ሕዝብ ዝም ስትለው ይምርሃል፤ ስትዋሸው ግን አይምርህም።»

ይህን ያልሰማሁበት ቅዳሜ የለም። ወጣት ነበርኩና እንደ ሽማግሌ ንዝንዝ ነበር የምቆጥረው። ሕዝቡ ወዶኛል፤ እሑድ እሑድ ሣጥኑ ላይ ስወጣ ጉምጉምታው ይቆማል። እኔ አንድ ነገር ስናገር ከኋላ አግዳሚ ያሉት ኦሮሞዎች በኦሮምኛ፣ ከግድግዳው ሥር የሚቀመጡት ጉራጌዎች በጉራግኛ ለጎናቸው ያቀብሉታል። ቃሌ በሦስት ቋንቋ መጋዘኑን ሲዞር እሰማዋለሁ። ደስ ይላል፤ አልዋሽም። የጠፋሁትም በሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ የመጣውን ጥቅል ስናየው አንድ ሸምገል ያለ፣ የባሕር ኃይል ልብስ የለበሰ፣ ደረቱ በኒሻን የተሞላ ሰው ነጭ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ወደ አንድ ከተማ ይገባል። ልጃገረዶች አበባ ይበትኑለታል፤ ቀሳውስት ይቀበሉታል። ወረቀቱ የጣሊያን ወዳጅ መሆኑን ይናገርና «የኡንጌሪያ መንግሥት እንደራሴ አድሚራል» ይለዋል። ኡንጌሪያ እነሱ ሀንጋሪን የሚጠሩበት ስም ነው። ነገሩ ከነከነኝ። እንደራሴ ከሆነ የማን እንደራሴ ነው?

ወደ ጣሊያኖቹ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ጣሊያናዊው ጸሐፊ ግቢ ውስጥ መስታወት ዛፍ ላይ ሰቅሎ ጢሙን ይላጫል። ጠየቅሁት። «አየህ» አለኝ አረፋውን እየጠረገ፣ «ያ አገር የንጉሥ መንግሥት ነው፤ ንጉሡ ግን በስደት ከአገር ወጣ። ዙፋኑ ባዶ ነው። አድሚራሉ ይጠብቀዋል። አገሩ ባሕር እንኳ የለውም፤ አድሚራል ግን አለው!» በራሱ ቀልድ ሳቀና ፊቱን ወደ መስታወቱ መለሰ።

በሩጫ ተመልሼ ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። የጨፈኑት ዓይን ተገለጠ።

«ይቺን ዝለላት።»

«እውነት እኮ ናት ጋሼ፤ ጸሐፊው ራሱ ነው የነገረኝ።»

«ግማሿን ነው የነገረህ። ንጉሡስ? እስካሁን ለምን አልተመለሰም? ጠየቅከው?»

«አልጠየቅሁም።»

«እንግዲያው አልገባህም። ዝለላት አልኩህ።»

«እሺ» አልኩ።

እሑድ መጋዘኑ ጢም ብሎ ሞላ። ነጩ ፈረስ ሸራው ላይ ብቅ ሲል ፊት ለፊት የተቀመጡት አሮጊቶች በአንድ አፍ «ጊዮርጊስ!» ብለው አማተቡ። ጋላቢ በነጭ ፈረስ ያዩት በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ብቻ ነውና አይፈረድባቸውም። ጉምጉምታው ሲጋጋል፣ ፊቶቹ ሁሉ ወደኔ ሲዞሩ፣ ያቺ ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ መጣች። መዋጥ እችል ነበር። አልዋጥኳትም። ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

«እኚህ ሰው ጊዮርጊስ አይደሉም። ንጉሡን ስደት የወሰደበት አገር እንደራሴ ናቸው። ዙፋኑን ለሌላ አልሰጡም። ንጉሡ እስኪመለስ ድረስ ይጠብቁለታል!» አልኩ።

 ከዚያ ቃሉ በኦሮምኛና በጉራግኛ ሲሻገር ተሰማኝ። ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች፤ መጋዘኑ በእልልታ ተናጋ። ሰው ቆመ፤ ወንዶች መሬቱን በዱላቸው ደበደቡ። «ንጉሡ እስኪመለስ!» የሚል ሰማሁ፤ የማን ንጉሥ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም፤ የኛ ንጉሥም ስደት ላይ ነበሩና። ወደ ማሽኑ ዞር ስል ጋሽ ደምሴ በመብራቱ ጭላንጭል ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ። ማሽኑን አቁመው ሊያስወርዱኝ አይችሉም፤ ፊልሙ ይነዳል። እስከ መጨረሻው አዞሩት። በሩ ላይ የቆመው ጣሊያናዊ ወታደር እልልታው ለአገሩ ወዳጅ መስሎት አብሮ አጨበጨበ።

ከዚያ የሆነው ከአቅሜ በላይ ነው። ማክሰኞ ዕለት እንጨት ሻጮቹ አድሚራሉ ለጃንሆይ ጦር እንደሚልክ ያወሩ ጀመር። ሐሙስ ጦሩ ተነሥቷል ተባለ። ዓርብ የቀራንዮው ቄስ መምሬ አስፋው ቤቴ ድረስ መጡ። ትከሻዬን ይዘው በጆሮዬ፦

«ልጄ፣ የዚያ ዙፋን ጠባቂ የክርስትና ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

«የክርስትና ስሙ?»

«በቅዳሴ ላስበው ነዋ! ያለ ክርስትና ስሙ እንዴት አድርጌ ልጸልይለት?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። ሽማግሌው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ አፈርኩና «ኃይለ ጊዮርጊስ» አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። በማግስቱም በዚያው እሑድም የኮልፌ ቀራንዮ ሕዝብ ለአንድ ለማያውቀው ሰው፣ እኔ ባወጣሁለት ስም፣ ጧፍ አበራ።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ካራቢኔሪ የሚባሉት የጣሊያን ፖሊሶች መጋዘኑ ገቡ። የሚያስበላ ሰው አይጠፋም። አንደኛው ወረቀቱን አንሥቶ «ይህ ቃል እዚህ ላይ የለም። የማን ቃል ነው?» አለ። በጣሊያንኛ ነው የጠየቀው፤ መልሱን የምተረጉመው እኔ ነኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣኝም።  ጋሽ ደምሴ ጥያቄው ሳይተረጎምላቸው ገባቸው። ባርኔጣቸውን አስተካክለው ደረታቸውን በጣታቸው መቱና፦

«ማሽኑም የኔ፣ ቃሉም የኔ። ንገራቸው» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ይህን በእጄ ስጽፍ ዛሬም ያልበኛል። በሕይወቴ ከተረጎምኩት ሁሉ ፈጥኜ የተረጎምኩት ያንን ነው። እጃቸውን አስረው ወሰዷቸው።

ሲኒማው ተዘጋ። የጋሽ ደምሴ ሚስት እትዬ ወለላ በየቀኑ ስንቅ ቋጥረው ከኮልፌ እስከ እስር ቤቱ በእግራቸው ይሄዳሉ። ዘበኛው ሰሃኑን ባዶ ከመለሰላቸው ባላቸው በሕይወት አሉ ማለት ነው። አንዳንድ ቀን እሸኛቸዋለሁ። መንገድ ላይ «ምን አጥፍቶ ነው ልጄ? አንተ አብረኸው ነበርክ፤ ምን አለ?» ይሉኛል። «እኔ እንጃ እትዬ» እላለሁ። ሰሃኑን ባዶ ይዘው ሲወጡ ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ከእርግማን ይብስብኝ ነበር።

እስረኞች ወደ በረሃ በካሚዮን እየተጫኑ እንደሚሄዱ፣ ከሄዱትም የተመለሰ እንደሌለ መወራት ሲጀመር፣ ጋሽ ደምሴ ከታሰሩ አሥራ አንድ ሳምንት ሆኗቸው ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ካፒቴኖ፣ የካራቢኔሪዎቹ ሻምበል፣ አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ወንበር ሰጠኝ፤ ሲጋራም ዘረጋልኝ። ከመጥፎ ነገር ሁሉ የባሰ የሚያስፈራኝ እንዲህ ያለ ትህትና ነው።

«ያ አድሚራል ዙፋን ይጠብቃል ብላችሁ ነው የምትደሰቱት?» አለኝ። «እኔ ታሪኩን ልንገርህ። ንጉሡ ተመልሶ መጥቶ ነበር።»

«ማን?»

«የሀንጋሪው ንጉሥ ነዋ። የፋሲካ ዕለት፣ ማንም ሳያውቀው፣ ዙፋኔን መልስልኝ ብሎ መጣ። አድሚራሉ ምሳ ላይ ነበር። ተነሥቶ አነጋገረውና ወደ መጣህበት ተመለስ አለው። ንጉሡ ሄደ። በዚያው ዓመት እንደገና ሚስቱን ይዞ፣ ወታደር አስከትሎ በባቡር መጣ። አድሚራሉ በጥይት ተቀበለው። ይዘው አንድ ደሴት ላይ ጣሉት፤ እዚያው ሞተ። ዙፋኑ የሚጠበቀው ማንም እንዳይቀመጥበት ነው።»

 በእጄ የያዝኩት ሲጋራ ጣቴን እስኪያቃጥለኝ አልተሰማኝም። የፋሲካ ዕለት! በኛ አገር የፋሲካ ዕለት ጠላት እንኳ ደጅ ላይ ቢቆም ግባ ይባላል። እኛ ደግሞ ለዚህ ሰው ጧፍ አብርተናል።

«እሑድ ሲኒማው ይከፈታል» አለ ካፒቴኖው። «ያንኑ ፊልም ታሳያለህ፤ ይህን ትነግራቸዋለህ። በተሰደደ ንጉሥ ላይ በር እንደሚዘጋ ይወቁት። ከተናገርክ ሽማግሌህ ሰኞ ቤቱ ይገባል። ካልተናገርክ ሰኞ ካሚዮን ላይ ይወጣል።»

አላንገራገርኩም። ውሸት ተናገር አላለኝም፤ እውነት ነው ያዘዘኝ። ጋሽ ደምሴ ራሳቸው «ንጉሡስ ለምን አልተመለሰም?» ብለው የጠየቁት የዚያች ዓረፍተ ነገር ሌላው ግማሽ ይኸው ነው። በአንድ ቃል እሳቸውንም አድናለሁ፣ ጥፋቴንም አርማለሁ ብዬ እንዲያውም ደስ አለኝ።

እሑድ ከቀራንዮ ማዶ ሁሉ ሳይቀር ሰው መጣ። ዙፋን ጠባቂው ዳግመኛ ይታያል ተብሎ ተወርቶ ነው። ማሽኑን አንድ ጣሊያን ያዞረዋል። ካፒቴኖው ከጎኔ ቆሟል። ነጩ ፈረስ ሲወጣ እልልታው ፈነዳ። እጄን አነሣሁ። ጸጥ አሉልኝ።

«ወገኖቼ፣ ያኔ የነገርኳችሁ ግማሹን ነው» አልኩ። «የዚህ ሰው ንጉሥ ተመልሶ ነበር። ሁለት ጊዜ ተመለሰ። አንዴ በፋሲካ ሲመጣ ይህ ሰው አባረረው። ሁለተኛ ሲመጣ በጥይት መለሰው። ንጉሡ በስደት ሞቷል። ይህ ሰው ዙፋኑን የሚጠብቀው ለራሱ ነው።»

 ቃሌ ወደ ኋላ አልተሻገረም፤ ኦሮሞዎቹም ጉራጌዎቹም አላቀበሉትም። ከመሃል አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ፈላጭ ተነሣ።

«ስንት ከፈሉህ?» አለኝ።

«እውነቴን ነው፣ በመድኃኔዓለም!»

«መድኃኔዓለምን አትጥራ፣ አንተ ባንዳ!»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለኝ ለይቼ አላውቅም። አሮጊቶቹ እያለቀሱ ተነሡ። አንዷ በአጠገቤ ስታልፍ እግሬ ሥር ተፋች። መምሬ አስፋውን አየኋቸውና እንደሚሰምጥ ሰው ወደሳቸው ሮጥኩ፤ ልሳለም ጎንበስ ስል መስቀላቸውን ወደ ካባቸው መለሱት። «እኔ ግን ለኃይለ ጊዮርጊስ መጸለዬን አልተውም» አሉኝና ወጡ። የዋሸሁትን ነፍሳቸውን ሰጥተው አመኑ፤ እውነቱን ስነግራቸው ተፉብኝ።

ካፒቴኖው ክንዴን ያዘ። «ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ምን ይላሉ?» አለኝ። አማርኛ አያውቅም። ሕዝቡ እንዳላመነ ከነገርኩት ጋሽ ደምሴ ካሚዮን ላይ ናቸው።

«ተስፋችን ተቆረጠ እያሉ ነው» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ጃንሆይ ሲመለሱ የኮልፌ ሰው በደስታ ሲጨፍር እኔን በጣት ያሳይ ነበር፤ «በር ይዘጋባቸዋል ያለው ይኸውላችሁ!» የሲኒማ ሥራ ዳግመኛ አልነካሁም። ከሰል ሸጥኩ፣ የግምብ ድንጋይ ተሸከምኩ፣ በመጨረሻ አንድ የውጭ አገር ሐኪም የራጅ ፊልም የሚያጥብለት ሰው ፈለገ። ሐሜቱን የማያውቅ ሰው እሱ ብቻ ስለነበር ቀጠረኝ። ፊልምን በጠርዙ መያዜን አይቶ «ማን አስተማረህ?» አለኝ። ፊልሙን ሰቀልኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ሀንጋሪያዊ መሆኑን የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ የያዝኩት የፊልም ማጠቢያ ሰሃን ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ስለ አድሚራሉ ለመጠየቅ ዓመታት ፈጀብኝ። አንድ ቀን የቆየ የውጭ ጋዜጣ ይዞ ጨለማው ክፍል ገባና በቀዩ መብራት ሥር ዘረጋው። አርጅቶ ነበር፤ ፊቱን ግን ለይቼ አወቅሁት። «ሞተ» አለኝ ሐኪሙ። «በሰው አገር፣ ባሕር አጠገብ፣ አልጋው ላይ። በመጨረሻ ባሕር አገኘ።» በተሰባበረ ጣሊያንኛ ቀጠለ። ሰውዬው ገና ሥልጣን እንደያዘ እንደ ሐኪሙ ያሉ አይሁዶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት በተወሰነ ቁጥር ብቻ እንዲገቡ ሕግ ወጣ። ሕጉ እየጠበቀ ሄደ። ጦርነቱ ሲመጣ ከጀርመን ጋር ተሰለፈ፤ በኋላ ጀርመኖች አገሩን ሲይዙም በቤተ መንግሥቱ ተቀምጦ ቆየ፤ የገጠሩ አይሁድ በባቡር ተጭኖ ሲወሰድ እዚያው ነበር። «እናቴና ሁለት እህቶቼ በዚያ ባቡር ሄዱ» አለኝ። «የዋና ከተማው ሰው ተራ ሲደርስ ግን አስቁሙ አለ፤ ቆመም። ያስጨነቀኝ ይኸ ነው። ማስቆም ይችል ነበር።»

 የንጉሡን ነገር ካፒቴኖው ከነገረኝ ወዲህ የሚያስደነግጠኝ የቀረ አይመስለኝም ነበር። ሐኪሙ ፊት ቆሜ ያ የመጋዘኑ እልልታ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ምን ልበለው? የእናትህን ገዳይ ዝም ብሎ ላየ ሰው ሰፈሬ ጧፍ አብርቷል፣ ስሙንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ ልበለው? አላልኩትም። ፊልሙን ከውሃው አውጥቼ ሰቀልኩት።

ከዚያ ሁሉ ግን የበለጠ ያስደነገጠኝ ከዚያ በፊት ነው፤ ሲኒማው ዳግመኛ በተከፈተ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ በእስር ቤቱ በር ላይ።

ካፒቴኖው ቃሉን ጠበቀ። እትዬ ወለላ ገና ስንቅ እየቋጠሩ ነበርና ብቻዬን ቀድሜ ደረስኩ። ጋሽ ደምሴ ወጡ። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፣ ያስላቸዋል፤ ባርኔጣዋን ግን አልጣሏትም። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አነሡኝና ስመውኝ መንገድ ጀመርን።

«ማን አስፈታኝ?» አሉኝ ጥቂት እንደሄድን።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። ኩራት ኩራት ብሎኛል።

«ምን ብለህ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የካፒቴኖውን ታሪክ፣ ፋሲካውን፣ ባቡሩን። ቆሙ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ነገርካቸው?»

«ነገርኳቸው። እውነት እኮ ነው ጋሼ።»

«እውነት መሆኑን አውቃለሁ። በገባሁ በሦስተኛው ቀን ነው ካፒቴኖው በአስተርጓሚ የነገረኝ። ሕዝቡን ሰብስቤ ይህን ብነግር በዚያው ቀን ቤቴ እንደምገባ ነገረኝ። አልናገርም አልኩት። በየሳምንቱ እያስጠራ ይጠይቀኝ ነበር፤ አልናገርም እለው ነበር። አሥራ አንድ ሳምንት የተቀመጥኩት ይህ ቃል እንዳይነገር ነው።»

 «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ሕዝብን አትዋሽ የሚሉኝ ነዎት!» አልኩ፤ ጮኼባቸው ነበር።

«ብያለሁ። አንተ ባትናገራት ይሻል ነበር። ከተናገርካት በኋላ ግን እዚያ ውስጥ አርባ ሰው ሆነን በአንድ ክፍል ስንተኛ፣ ጠዋት ጠዋት የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዙፋን ጠባቂው ዛሬም አለ ወይ ይሉኛል። አለ እላቸዋለሁ። በዚያች ተነሥተው ይውላሉ። እኔ ከቤቴ ልግባ ብዬ ይቺን ከነሱ ልቀማ?» ሳል ያዛቸው፤ ክንዴን ጨብጠው እስኪያልፍላቸው ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሕዝቡ አመነህ?»

«አላመነኝም ጋሼ። ባንዳ አሉኝ። ተፉብኝ። መምሬ አስፋው መስቀላቸውን ነሡኝ።»

መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንባቸው በዚያ በደረቀ ጉንጫቸው ላይ ሲወርድ አየሁ።

«ተመስገን» አሉ። «ተመስገን፣ ተመስገን።»

በእኔ መተፋት እግዜርን ሲያመሰግኑ ፊታቸው ቆሜ አየኋቸው።  ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«ታዲያ አታስተባብል። እውነቴን ነው ብለህ አትማልላቸው። ባንዳ የሚሉህን ስም ቻለው። ጃንሆይ ይመለሳሉ፤ ያን ቀን እኔ ራሴ ኮልፌን ቤት ለቤት ዞሬ እነግርልሃለሁ።»

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው።

ጋሽ ደምሴ ያንን ክረምት አልተሻገሩም። ጃንሆይ የተመለሱት በሚቀጥለው ዓመት ነው።